ቀዩ መብራትና የሽሮፕ ማንኪያ

መድኃኒት ማግኘትና መድኃኒት ማስዋጥ ሁለት የተለያዩ ጦርነቶች ናቸው። የመጀመሪያውን ወንዶች በሬዲዮ ይከታተሉታል፤ ሁለተኛውን እኛ እናቶች በማንኪያ እንዋጋዋለን፤ ማን ይዘግብልናል?

ጦርነቱ መርሳ የገባ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፤ የመድኃኒት ቤቱም መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። የሁለት ዓመቷ ልጄ ሀያት ለመታመም ያንኑ ሰሞን መረጠች። ቤት ውስጥ የተገኘው ግማሽ ጠርሙስ ሽሮፕ ነው። ባጎረስኳት ቁጥር ቀሚሴ ላይ ትተፋዋለች። ቀሚሴ ሕክምናውን ሊጨርስ ምንም አልቀረው፤ የልጄ ሰውነት ግን እንደ ፍም ይፋጃል።

ከወልድያ ሸሽቶ እኛ ቤት የተጠጋ ሰይድ የሚባል የባዮሎጂ መምህር ነበር። ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያስረሳኝ እንጃ፣ የሳይንስ ሊቃውንቱም መድኃኒት ለማስገባት እንዳንቺው ተቸግረዋል አለኝ። ሴል የራሱ ስስ ሽፋን አለው፤ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም። እነሱ ታዲያ ሽፋኑን በሌዘር ብርሃን ለቅጽበት ይነኩታል፤ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የፈለጉት ሞለኪውል ይገባል፤ ቀዳዳው ራሱ ይዘጋል፤ ሴሉም በሕይወት ይቀጥላል።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም ሴል ትዝ ይለኛል፤ ደብተሬ ላይ የተጠበሰ እንቁላል አስመስዬ ስዬዋለሁ። ሳይሰበር የሚከፈት ነገር መኖሩ ግን ገረመኝ። በዚያ ሰሞን እኛ የምናውቀው መክፈቻ የጠመንጃ ሰደፍ ነበር፤ በሰደፍ የተከፈተ በር ደግሞ ራሱን አይዘጋም።

አማቴ እማ ዘሃራ ከወሬው ሁሉ የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ብርሃኑ መድኃኒት ያስገባል። ከሳጥናቸው ባሌ ከገበያ ያመጣውን፣ ቀይ ነጥብ የሚያበራ የቁልፍ መያዣ አውጥተው መጡ።

"ይኸው ሌዘር። በል ያልከውን አድርግ" አሉት።

መምህሩን ላብ አጠመቀው። ይሄ መጫወቻ እንደሆነ፣ ያኛው ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እየታየ የሚሠራ መሆኑን አስረዳ።

"ትንሽ ነው ያልከው አንተው አይደለህ? ይሄም ትንሽ ነው።"

ዓይኗን ብቻ እንዳይነኩባት ለመናቸው። ቢስሚላህ ብለው ነጥቡን የልጅቷ ሆድ ላይ አሳረፉት። እጃቸው ይንቀጠቀጣልና ነጥቡ አርፎ አልተቀመጠም። ሀያት ልትይዘው ስትል ወደ ጉልበቷ ሸሸ፤ ከታመመች ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ መጣ፤ አፏ ተከፈተ። ማንኪያዬን ሰደድኩ። አፏ ተዘጋ፤ ዋጠች።

እማ ዘሃራ ወደ መምህሩ ዞሩ። "ተከፈተ፣ ገባ፣ ራሱ ተዘጋ። የቀረ አለ?"



ሽሮፑ ተሟጦ ሲያልቅ ትኩሳቱም ለቀቃት፤ አልሐምዱሊላህ። ወሬው ግን አገር አዳርሶ ኖሯል። ከግራና ከተማ በእግሯ የመጣች እናት ልጇን አዝላ ደጃችን ቆመች።

"እህቴ፣ መብራቱን አውሺኝ" አለች።

ሽሮፕ አግኝተሽ ነው ወይ አልኳት። ከየት ተገኝቶ አለችኝ። መብራቱን መዳፏ ላይ አኖርኩላት፤ ሌላ ምን ልስጣት? ማስገቢያው እንደሆነ ወረዳችን ሀብሩ ድረስ መጥቶልናል። መንገድ ላይ የቀረው የሚገባው መድኃኒት ነው።