መቀሴና የእትዬ በለጠች ጽጌረዳ

አበባ የሚወድ ሰው መቀስ ይፈራል። እናንተም ትፈራላችሁ፤ አትዋሹኝ። ጽጌረዳችሁ አርጅታ፣ እግሯ እንደ ሸንበቆ ተመዞ፣ ጫፏ ላይ አንዲት የተጨማደደች አበባ ይዛ እያያችኋት፣ "ትንሽ ላሳጥርላችሁ?" የሚል ሰው ሲመጣ ልጃችሁን ሊነጥቅ የመጣ ይመስል በር ላይ ትገተራላችሁ። በውሃ ብዛት፣ በፍግ ብዛት፣ በምርቃት ብዛት ታብባለች ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አታብብም። ጽጌረዳ እንደ ሹመኛ ናት፤ ካልቀነሱላት ሽቅብ እንጂ ወደ ጎን አታይም።

እኔ በበኩሌ በመቀስ የታወቅሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በጊዮርጊስ ዙሪያ ያልከረከምኩት ነገር ቢኖር የካህናቱ ጢም ብቻ ነው። የነካኋት ጽጌረዳ ስታብብ የእንጦጦ ንቦች ተሰልፈው ሲወርዱ በዓይኔ አይቻለሁ። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ የሚወጡ ታክሲዎች ሽታው አዙሯቸው መሀል መንገድ ላይ ሲቆሙም አይቻለሁ፤ ካላመናችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ። ጥበቡ ቀላል ነው። የደረቀውን ታስወግዳላችሁ፤ እርስ በርስ ከሚፋተጉት ቅርንጫፎች አንዱን ትሰዋላችሁ፤ የቀረውን ደግሞ ወደ ውጭ ከምታይ ቡቃያ ትንሽ ከፍ ብላችሁ በሰያፍ ትቆርጡና ዝም ትላላችሁ። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። ለአንድ ወር ከምናምን ያላችሁ ነገር እሾሃም ጉቶ ብቻ ነዋ።

እትዬ በለጠች ጎረቤቴ ናቸው። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አጥራቸው ጥግ፣ ባለቤታቸው ጋሽ ታዬ የተከሏት ቀይ ጽጌረዳ ነበረቻቸው። ልጅ አልወለዱም። ባል ሄዱ፣ ጽጌረዳዋ ቀረች። በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ንግሥ ቀን፣ እትዬ በለጠች በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና ከንግሥ ለሚመለሰው ሁሉ አንዳንድ አበባ ያድላሉ። የተቀበለ ሁሉ "የጋሽ ታዬን ነፍስ ይማር" ብሎ ያልፋል። ሴትዮዋ ዓመቱን የሚገፉት ያ ስም በብዙ ሰው አፍ ሲጠራ ለመስማት ነው ብል፣ ለአንዴ እንኳ አላጋነንኩም።

አምና ታዲያ አበባው አሥር ሰው ሳይደርስ አለቀ። የቀረው መንገደኛ ሰላም ብሎ አለፈ፤ ስሙንም ሳይጠራ። ስለዚህ ዘንድሮ መጋቢት እንደገባ፣ ለዓመታት መቀሴን ሲያዩ በር የሚዘጉት ሴትዮ ራሳቸው ቤቴ መጡ።

"እንዳትገድልብኝ እንጂ፣ ቁረጣት" አሉኝ።

"እትዬ፣ ለንግሡ በርዎ ቀይ ምንጣፍ ካልመሰለ ስሜን ይለውጡት" አልኳቸው። ቀኑን በጣቴ ቆጥሬ ሰባት ሳምንት አገኘሁ፤ ከበቂ በላይ ነው። እሳቸው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሲስቡ እኔ ጽጌረዳዋን እስከ ጉልበቴ አወረድኳት። ቁርጥራጩንም ያኔውኑ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አስረከብኩ፤ ንጽሕና ወዳድ ነኛ።

በአሥረኛው ቀን አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ታብሌት ይዘው መጡ። መንገዱ ሊሰፋና ሊያምር ነው፤ በዳሩ ካለው ተክል ውበት ያለው ይቆያል፣ የሌለው ይነሳል ተባለ። መጀመሪያ ጎረቤት ያለችውን፣ መቀስ ነክቷት የማታውቀውን፣ አጥር ላይ የተጋደመችውን ዝርክርክ ጽጌረዳ አዩ። ጫፏ ላይ አንድ አበባ አለ። ትቆይ ተባለ። ከዚያ ወደ እኛዋ ዞሩ።

"ይሄ ደርቋል፤ ይነሳል" አለ ታብሌቱን የያዘው።

ተንበረከክሁ። በዚህ ዕድሜዬ መንበርከክ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስትደርሱበት ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። የሩዝ ፍሬ የምታክለውን ቀይ ቡቃያ በጣቴ እያሳየሁ፣ አለመሞቷን፣ እያረፈች መሆኗን፣ አምስት ሳምንት ቢጠብቁ መንገዱን ሁሉ እንደምታስንቅ ለፈለፍኩ። ሰውየው ባለጌ አልነበረም። ባለጌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሰድበው ነበር።

"አባቴ፣ አምንዎታለሁ" አለኝ። "ግን ሪፖርቱ የሚገባው ዛሬ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ጉቶ ነው የሚያሳየው።"

ማን እንዲህ እንዳደረጋት ሲጠይቅ እትዬ በለጠች መሬት መሬቱን አዩ እንጂ አላሳበቁብኝም። ያን ጊዜ ቢያሳብቁብኝ ኖሮ ዛሬ ትንሽ እተኛ ነበር።

በማግስቱ የመጣው መቆፈሪያ መኪና ሥሯን ለሁለት ሰንጥቆ አወጣው። ሥሩ ነጭና እርጥብ ነበር። ከአፈሩ ጋር ተጭኖ ሄደ፤ እኔም ከቁርጥራጩ ለመትከያ የሚሆን አንዲት ዘንግ እንኳ አላስቀረሁም ነበር።

ንግሡ ሦስት ቀን ሲቀረው በዚያው ጥግ በጭነት መኪና የመጡ፣ ያበቡ ጽጌረዳዎች ተደረደሩ። ሥራቸው በጥቁር ላስቲክ እንደታሰረ ነው። ሲጠወልጉ መኪናው ይወስዳቸውና ሌላ ያበበ ያመጣል አሉ። መከርከም የለም፣ ማረፍ የለም፣ መጠበቅ የለም። ከፊታቸው ደግሞ "መቅጠፍ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ቆመ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት እትዬ በለጠች ወንበራቸውን አወጡ። ለምን እንዳወጡት አልጠየቅኋቸውም። ከንግሥ የሚመለሰው ሰው አበባውን ያያል፣ ሰሌዳውን ያያል፣ ቀጥሎ እሳቸውን ያያል።

"እትዬ በለጠች፣ ጽጌረዳዎ ዘንድሮ እንዴት አምሮባታል!" አለች አንዷ።

እሳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "እሱን አመስግኑት። የከረከመልኝ እሱ ነው።"

ሰው ተሰበሰበብኝ። እድሜ ተመኘልኝ፤ አንዲት ሴትዮማ የእሷንም መጥቼ እንድከረክምላት ለሰኞ ቀጠረችኝ። እኔም አሜን፣ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። ጋሽ ታዬን ያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እትዬ በለጠች ገና ረፋዱ ላይ ወንበራቸውን አጥፈው ገቡ፤ እኔ ደጃቸው ላይ ቆሜ ስመረቅ አረፈድኩ።