ጓደኛዬ አልገባውም

መምህር «ገባችሁ?» ሲል ተማሪ «አዎ!» ይላል። በአገራችን ትምህርት ቤት ሁሉ የሚሠራ ሕግ ነው፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የጣሰውም ሰው አላጋጠመኝም። እስቲ እናንተ በስንተኛ ክፍል ነው እጃችሁን አውጥታችሁ «አልገባኝም» ያላችሁት? አያችሁ! ጥያቄው እኮ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ሌሊቱን በጥርስ ሕመም ሲገላበጥ ያደረ ሰው እንኳ «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይል የለም? አልገባኝም ማለት የመምህሩን ድካም ገደል መክተት፣ የራስንም አለማወቅ አደባባይ ላይ ማስጣት ይመስለናል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። አውቀነውም ዝም እንላለን።

እኔ ይሉኝታን ያጠናሁት አማን ከተማ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ስሸጥ ባደግሁበት ዘመን የቁንጫ መድኃኒት ለራሱ የገዛ ሰው አላየሁም። ሁሉም የሚገዛው ለጎረቤቱ ነበር። አባቴም ዓይኑን ሳያሽ፣ «ለጎረቤትህ ንገረው፤ ፍራሹን አውጥቶ ፀሐይ ያስመታው፣ ከዚያ ዱቄቱን ከሥር ይበትን» ይለዋል። ሰውየው በጥሞና ሰምቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ለጎረቤቱ እንዲህ የሚጨነቅ ሕዝብ ከአማን ሌላ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ታዲያ ከዓመታት በኋላ ሚዛን ከተማ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሳለ መምህር አድማሱ ጡረታ መውጫቸው ደረሰ። ቡና እንዴት እንደሚደርቅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ትምህርቱን ከእሳቸው የሚረከብ አልተገኘም። ስለዚህ ከቱም፣ ከሸዋ ቤንችና ከቴፒ ወገን ያሉ የግብርና ባለሙያዎች ዝናብ መንገድ ቢቆርጥባቸውም ባሉበት ሆነው እንዲማሩት በኢንተርኔት ይዘጋጅ ተባለ። የኮሌጁ ዲን እቅጩን ነገሩን፦ መምህር ከመሰናበታቸው በፊት ካላለቀ ነገሩ ይቀራል። መምህር አድማሱ በየጠዋቱ ማንም ሳይቀድማቸው መጥተው የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር፤ አንጀቴን በሉት።

ከአዲስ አበባ ሰብለ የምትባል የትምህርት ንድፍ ባለሙያ መጣችልን። እሳቸው ቡናውን ያውቃሉ፣ እሷ ደግሞ ያወቁት ነገር ስክሪን ላይ እንዴት ትምህርት እንደሚሆን ታውቃለች። እንዲህ ያለ ጥንድ ከየት ይገኛል? ሰብለ «ስቶሪቦርድ ያዘጋጁልኝ መምህር» ስትል «ችግር የለም ልጄ» አሉ። እሳቸው ስለ ጀንፈል ሲያብራሩ እሷ በአዎንታ አንገቷን ትነቀንቃለች። ክርክር የለ፣ ኩርፊያ የለ። መምህር በነጋታው ዘመናቸውን ሙሉ ያስተማሩበትን ማስታወሻ አስጠርዘው አመጡላት። «በጣም ጥሩ ነው» አለች። ሥራው ግን ንቅንቅ አላለም።

እንደምንም የተሠራችውን ትምህርት ለመሞከር ጥቂት የግብርና ባለሙያዎች ጠራን። አብዛኞቹ የመምህር የቀድሞ ተማሪዎች ነበሩ። አዩት፣ አደነቁት፣ «ገብቶናል መምህር» አሉ። ሰብለ አጭር ፈተና ሰጠቻቸው። ሁሉም ወደቁ። መምህር የሞት ያህል ደነገጡ፤ «ገብቶናል አሉኝ እኮ!» እያሉ ወንበራቸው ላይ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ እኔ የንስሐ አባት ሆንኩ። ከቴፒ የመጣው ከድር ጎኔ ተጠግቶ፣ «ወንድሜ፣ ያ የእርጥበት ነገር ጭራሽ አልገባኝም፤ ለመምህር እንዳትነግርብኝ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ማታ ላይ ሰብለ፣ «ጀንፈል ምንድን ነው? እስካሁን አልጠየቅኩም፣ አሁን ደግሞ አፈርኩ» አለችኝ። መምህርም ጓሮ ወስደው፣ «ይቺ ልጅ ስቶሪቦርድ የምትለው ምኑን ነው? መሃይም እንዳትለኝ ዝም ብያለሁ» አሉ። የሁሉም አለመግባት እኔ ዘንድ ተከማቸ። ሆዴ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።

ጠዋት ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸውና የአባቴን ሱቅ ከፈትኩ። «አንድ ጓደኛ አለኝ» አልኩ፣ «ጀንፈል ምን እንደሆነ አልገባውም። ሌላ ጓደኛ ደግሞ አለኝ፤ እሱ ስቶሪቦርድ አልገባውም።»

መጀመሪያ መምህር ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያብሱ ሳቁ። ሰብለ ተከተለች። የዚያን ጠዋት እፎይታ እንዴት ልንገራችሁ! ጠባብ ጫማ አውልቆ እግርን መዘርጋት ነው። «ጀንፈል ማለትማ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው፣ ለጓደኛህ ንገረው» አሉ መምህር። ሰብለም በየገጹ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚነገር በተራ ስላ አሳየች። ከዚያ በድፍረት ጠየቀች፦ «እርስዎ ራስዎ መድረቁን በምን ያውቃሉ?» መምህር ከናሙናው ዕቃ እፍኝ ጀንፈል አንስተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁ። ሲደርቅ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል።

«ይሄ እኮ ትምህርቱ ውስጥ የለም!» አለች ሰብለ።

«እሱንማ ማን ያጣዋል ብዬ ነዋ!»

ይኸው ነበር የጎደለው። ቡናው የሚሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ድረስ ሄደን ድምፁን ቀረጽን። ሰብለ ደግሞ በየትምህርቱ መጨረሻ ሦስት ምርጫ አስገባች፦ «ገባኝ»፣ «አልገባኝም»፣ «ጓደኛዬ አልገባውም»። ማን እንደነካው አይታይም። በሁለተኛው ሙከራ «አልገባኝም»ን የነካ አልነበረም። የጓደኛ ብዛት ግን ጉድ ነው! ጓደኞቹ የተቸገሩበትን እየተከታተልን አስተካከልን፣ ዲኑ ፈረሙ፣ መምህርም ትምህርታቸው በእጃቸው ላይ ሳይሞት፣ ፊታቸው እያበራ ተሰናበቱ። እኔም ከንስሐ አባትነት ተገላገልኩ።

የለቀማው ወቅት ሲገባ መምህር ደወሉልኝ። ጤናዬን ጠየቁ፣ የሰብለን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡም ትንሽ አወሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማማ ልጄ፣ እዚህ አንድ ጎረቤት አለኝ። ያንን የኔን ትምህርት በስልኩ ሊያይ ፈልጎ፣ አከፋፈቱ አልገባውም።»

«ችግር የለም መምህር» አልኩ። «ጎረቤትዎ መነጽራቸውን ያድርጉና ስልኩን ይያዙ።»

«ይዟል» አሉ።