የጋሽ ሞላ ዓሦች

የአስጎብኚነት ሥራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ «አላውቅም» ማለትን ያስረሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ አስከትላችሁ ከአለት አለት ስትዞሩ፣ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ሳታመነቱ ስትመልሱ፣ ቀስ በቀስ አፋችሁ ከራሳችሁ ቀድሞ መራመድ ይጀምራል። የከተማችንም ሰው ይህን ጉድ ስለማያውቅ ያከብረናል። ላሊበላ ውስጥ ስልኩ የተበላሸበትም፣ ወገቡን ያመመውም፣ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተጣላውም ምክር ሲያምረው አስጎብኚ ፈልጎ ይመጣል። ፈረንጅ ያነጋገረ ሰው የማያውቀው ነገር የለም ተብሎ ይታመናላ። እኛም ይህን እምነት ለማስተባበል ስንጣደፍ ታይተን አናውቅም።

እና ዛሬ ስለ ዓሣ አያያዝ ልመክራችሁ ነው። አትሳቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ደጋ፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ከሚለው ክርክር ውጪ ስሙ በማይነሳበት አገር፣ መስታወት ውስጥ ዓሣ ማኖር ምን የሚሉት ቅብጠት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ሞላ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን ነበረቻቸው። በጉልምስናቸው ዘመን የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ለፔንሲዮኑ አልጋ ልብስ ሊገዙ አዲስ አበባ ወርደው፣ ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ ሰውዬው አንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥንና በውሃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ የሚዋኙ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ይዘው ከአውቶቡስ ዱብ አሉ። ጋሸና ላይ ብርዱ ሲጠና ኮታቸውን አውልቀው ፌስታሉን እንዳለበሱት የነገረን የአውቶቡሱ ረዳት ነው። አልጋ ልብስ የሚባል ነገር አልተገዛም። እትዬ ታንጉት አንድ ሳምንት አኮረፉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ ጠጋ አደረጉ።

ከዚያ ያ እንግዳ የጠፋበት ዘመን መጣ። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተቆለፉ። ጋሽ ሞላ ግን ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው መስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። ስናልፍ ሰላም ካልናቸው፣ «እነዚህ እንግዶቼ መሄጃ የላቸውም፤ እነሱን እያስተናገድኩ ነው» ይሉናል። ውሃቸውን እንዴት እንደሚለውጡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያበሏቸው የጠየቃቸው ሰው የለም። ሰው እያለ የሚያውቀውን አለመጠየቅ የሁላችንም በሽታ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አረፉ፤ ሙያውም አብሯቸው ሄደ።

የለቅሶውን ነገር ታውቁታላችሁ። ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ መሄድ፣ እዝን የምንለው፣ በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው። ያውም ሰጥቶ መሄድ የለም፤ አጠገብ ተቀምጦ «በሞቴ ቅመሺ» እያሉ ሰሃኑ ባዶ እስኪሆን መጠበቅ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። «ዛሬስ በላች» ይባባላሉ ደጅ ላይ ሲተላለፉ፤ ደስም ይላቸዋል።

በዚህ መሃል ሁለት ዓሦች ሞቱ። እትዬ ታንጉት አስጠሩኝ።

«መላኩ፣ የሞላ ዓሦች አላማሩኝም» አሉኝ። «አንተ መቼም ሰው ስታነጋግር የኖርክ ነህ፣ አታጣውም። እነዚህ ካለቁብኝ እኮ ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው።»

ይህን እየሰማ «እትዬ፣ እኔ ስለ ዓሣ ቅንጣት አላውቅም» የሚል ሰው ጨዋ ነው። እኔ ግን መስታወቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ውሃው አጓት መስሏል፤ አራቱ ዓሦች ላይ ላዩን ተንሳፍፈው አየር ይጎርሳሉ። «ቆሻሻ ነው» ብዬ ፈረድኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ውሃውን ከነዝቃጩ፣ ምን እንዳለበት ሳላይ፣ እስከ ጠብታው ደፋሁ፣ መስታወቱን በሳሙና ፈተግሁ፣ ጠጠሩን አጠብሁ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ጨምቄ ጨምቄ አነጣሁት። ከዚያ በዚያው ጠዋት የመጣ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። ቤቱ ለሠርግ የተሰናዳ መሰለ። በማግስቱ ሦስት ዓሦች ቀርተው ነበር። እትዬ ታንጉት አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ነው ከሃያ ዓመት በኋላ «አላውቅም» ያልኩት። የመስታወቱ ጎን ላይ የሻጩ ስልክ ተለጥፎ ነበርና ደወልኩ። ሰውዬው የሠራሁትን ስነግረው እንደ ደግ መምህር ከሀ ጀመረልኝ። ውሃው ከነነፍሱ ነው አለኝ፤ ጠጠሩና ስፖንጁ ላይ ዓሣው የጣለውን ቆሻሻ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፣ አንተ እነሱን ነው አጥበህ የጨረስካቸው። ስለዚህ በሳምንት ሩቡን ውሃ ብቻ መቀየር ነው፤ ሁሉን መድፋት የለም። ስፖንጁ የሚታጠበው ከዚያው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው። ሳሙና ደጃፉን አይርገጥ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ፣ የሚተነፍስበትን ማለት ነው፣ ያቃጥላል፤ ባልዲ ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ አንድ ቀን ማሳደር ነው፣ ከዓሣ ሻጭ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ከተገኘም እሱን ጨምሮ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታበት መስኮት ሥር አይቀመጥ፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ አየር የሚነፋው ሞተር ሲቆም ደግሞ ውሃውን በጣሳ እየጨለፉ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፤ ፏፏ ሲል አየር ይዞ ይወርዳል። (በነገራችን ላይ አንዲት ጎረቤት ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ የሚንጠባጠበውን ጠበል በጠርሙስ አምጥታ ጠብ አድርጋላቸው ነበር። ክሎሪን የለበትም። ከእኔ ምክር የእሷ በስንት ጣዕሙ።)

መጨረሻ ላይ «ምንድን ነው የምታበሏቸው?» አለኝ። እትዬ ታንጉትን ጠየቅኋቸው፤ ጋሽ ሞላ የተዉትን ደቃቅ ምግብ በጣት ቆንጥረው በቀን አንዴ እንደሚሰጧቸው ነገሩኝ።

«ቁንጣሪ ምግብ ውሃ አጓት አያደርግም» አለ ሰውዬው። «ብዙውን ዓሣ የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን ጥጋብ ነው፣ ወንድሜ። በሁለት ደቂቃ የማይጨርሱት ሁሉ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ሌላ የምትሰጧቸው ነገር አለ።»

እኔ ጎረቤቶቹን ጠረጠርኩ። ተሳስቼ ነበር፤ መሳሳት እንኳ በዚያ ሰሞን ለምዶብኝ ነበር።

በሳምንቱ ሩቡን ውሃ ልቀይር ስሄድ ከገንዳው ጀርባ አንድ ቀጭን ጎማ አገኘሁ፤ ሾፌሮች ከበርሜል ነዳጅ የሚስቡበት ዓይነት። ጋሽ ሞላ የታችኛውን ቆሻሻ የሚስቡት በዚህ እንደነበር ያኔ ገባኝ። አንዱን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ ቀብሬ፣ ሌላውን በአፌ ስቤ ወደ ባልዲ ለቀቅሁት። መጀመሪያ ደፍራሽ ውሃ መጣ። ቀጥሎ የራሰ ዳቦ መጣ። ከዚያ ያበጠ የሽምብራ ቆሎ፣ ከዚያም የእንጀራ ቁራጭ። ባልዲው ውስጥ የሰፈሩ እዝን በሙሉ ተንሳፈፈ።

ቀና ስል እትዬ ታንጉት የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ መሬት መሬት ያያሉ።

«ምን ላድርግ ብለህ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «መጥተው አጠገቤ ቁጭ ብለው ብዪ ይሉኛል። እምቢ ካልኩ ያለቅሳሉ። እሱ ከሄደ ወዲህ እህል አልወርድልህ አለኝ የኔ ዓለም፣ እዚህ ላይ ይቆማል። እነሱ ፊታቸውን ሲያዞሩ እጥልላቸዋለሁ። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።»

ጉሮሯቸውን ያሳዩበትን እጅ አየሁት። አምባሩ እስከ ክርናቸው ይንሸራተታል። አፈርኩ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ወር ሙሉ ሰሃን ስናይ ከርመን እሳቸውን ያየ አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለናንተም የምነግራችሁ እሳቸው ስለፈቀዱልኝ ነው።

«እትዬ፣ ዓሦቹን የሸጠው ሰውዬ ሦስት ቀን ምንም አይስጧቸው ብሏል» አልኳቸው።

«ሦስት ቀን? አይርባቸውም?»

«እነሱስ አይርባቸውም።»

ባልዲውን አይተው፣ «የሚመጣልኝን ታዲያ የት ላድርገው?» አሉ። የልባቸውን ነበር የጠየቁት። ይዛ የመጣችውን ሴት መልሺ ማለት ነውር ነው፤ መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው። ላሊበላን ለፈረንጅ በሦስት ቋንቋ የማስረዳው ሰውዬ ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ። ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ እትዬ እህል አልወርድ ብሏቸዋል ብቻ አልኳት። የአጃ አጥሚት አቅጥና በፔርሙስ ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ስኒ ጠጡ። ሁለተኛውን ቀን አንድ ስኒ። እኔ ወዲያ ዞሬ ገንዳውን የማይ እየመሰልኩ ነበር የምቀመጠው፤ ሰው እያየው የሚበላ ሐዘንተኛ እንደሚያንቀው ያኔ ነው የተማርኩት።

በአራተኛው ቀን፣ ያደረ ውሃ በባልዲ ይዤ ስገባ ገንዳው ጠርቷል። ሦስቱ ዓሦች አየር መጎረሳቸውን ትተው ታች መሃል ለመሃል ይዘዋወራሉ። አንዲት ጎረቤት ገና መውጣቷ ነበር፤ እትዬ ታንጉት እጅ ላይ ትኩስ የስንዴ ዳቦ አለ። ዓሦቹ እጃቸውን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ሽቅብ ግር ብለው መጡና መስታወቱ ላይ አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር። እሳቸው ዳቦውን እንደያዙ ብዙ አዩዋቸው። እኔም ባልዲዬን ሳላስቀምጥ ቆምኩ።

«በቃችሁ» አሏቸው፤ «ይሄ የኔ ነው።» ቆርሰውም ጎረሱ።