ቀን ጠያቂው ጎረቤቴ

የሰፈራችን ሽማግሌዎች ከሽምግልና አባረሩኝ። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ባለሱቁ ጎረቤቴ አቶ ላምቤቦ እዚሁ አዲስ ከተማ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ቢለኝ፣ «ምን አውቅልሃለሁ!» አልኩት።

እንዲህ ያለ ሰው አልገጠማችሁም? የመርሳት በሽታ አረጋውያን ላይ በዝቷል ሲባል በሬዲዮ ሰምቶ፣ ሰላምታውን ትቶ ሽማግሌ ይፈትናል። ፊደል በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርኩትን ሰውዬ «መርሳት ጀምሮታል» ብሎ አስወራብኝ!

በእኔ ቦታ እሱ ሽማግሌዎቹን መርቶ ለጎረቤት ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ሄደ። የልጅቷ አባት፣ «ለማን ነው?» ቢለው፣ የገዛ ልጁን፣ ያውም የባለትዳሩን ስም ጠራ።

«ታዲያ ምራትህን የት ልታደርጋት ነው?» አለው አባትየው።

እኔን እያባበሉ ወደ ሽምግልናው የመለሱኝ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ማግስት ነው። ቀን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይኸው!