እንደ አልጋ የተጠፈረ ጎማ

ሰው ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ ሲሰበርበት ለባለሙያ የሚሰጥና «ቆይ፣ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል። ለከውሰር የደረሳት ሁለተኛው ነው። ከሚሴ ውስጥ ይህን ዓይነቱን ሰው የማታውቅ ሴት ካለች፣ ወይ አላገባችም፣ ወይ ቤቷ የሚሰበር ዕቃ የለም።

ባሏ ክቡር ኢንጂነር ሪድዋን በሙያቸው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ኢንጂነርነቱን ማንም አልሰጣቸውም፤ ከውሰር ናት በብስጭቷ ብዛት የሾመቻቸው። የበሩን ቁልፍ ከጠገኑ ወዲህ ቤተሰቡ በጓሮ ነው የሚገባው። ሬዲዮኑን ፈተው ሲገጥሙ የተረፉትን ብሎኖች «ፋብሪካው ያለ ሥራ የጨመራቸው ናቸው» ብለው ጣሏቸው፤ ሬዲዮኑም ከዚያ በኋላ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይህን ሁሉ ችላለች። ብስክሌቷ ላይ ሲመጡ ግን ፈራች።

ከውሰር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ባጃጅ ወደማይገባበት የጨፋ ሸለቆ፣ በማሽላው መሀል የምትሄደው በማውንቴን ብስክሌቷ ነው። ሐሙስ የክትባት ቀን ነው። እናቶች ሕፃን አዝለው ከሩቅ ይመጣሉ፤ ክትባቱን በምትይዝበት ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል፤ አንዴ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ደግሞ ዳግም ላይመጡ ይችላሉ። ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል የኋላ ጎማዋን ረግጦ ሲያጣምመው መጀመሪያ የታሰቧት እነዚያ እናቶች ነበሩ።

«ለሠሪ ልስጠው» አለች።

«ለምን ሲባል? ዙሪያው ቸርኬ፣ መሀሉ ሽቦ ነው። ይሄ ምኑ ይከብዳል?»

ኢንጂነሩ አዲስ ቸርኬና አንድ እቅፍ ሽቦ ገዝተው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ። አባታቸው፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ስመ ጥር አልጋ ጠፋሪ ነበሩ። ልጅዬውም ሽቦውን እንደ ጠፍር ያዙት፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ፣ እግራቸውን ቸርኬው ላይ ተክለው ወጠሩት። የአንዱን ጎን ሽቦ በሙሉ እስኪጮህ ካጠበቁ በኋላ ነው ወደ ሌላው የዞሩት። ጎማው ሲሽከረከር ወዲያና ወዲህ ዋለለ።

«ይዋልላል እኮ» አለች ከውሰር።

«ገና እርጥብ ስለሆነ ነው።»

«ምኑ ነው እርጥቡ?»

ለካ ሽቦውን ባልዲ ውስጥ ነክረውት ኖሯል። የአልጋ ጠፍር ተነክሮ ይጠፈራል፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ጎማውን ቆርቆሮው ላይ አሰጡት። «ፀሐይ ያግኘው። ነገ ታዪዋለሽ፣ ኢንሻ አላህ።»

ከውሰር ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ የነገዎቹ እናቶች ትዝ አሏት። ቀኑ ረቡዕ ነው። ጎማውን ከጣሪያ አውርዳ ወደ ሠሪው ብትሮጥ ሱቁን ዘግቶ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ያላት ይኸው የደረቀ ጎማ ብቻ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑን ብስክሌቷ ላይ አስራ ወጣች። ኢንጂነሩ «የጎማውን ድምፅ ላድምጠው» ብለው ከኋላ ተከተሉ። ከአስፋልቱ ወርዳ የእርሻውን መንገድ እንደያዘች ጎማው ጓ አለና ተጣጠፈ። እሷም ሳጥኑን አቅፋ ማሽላው ውስጥ ቁጭ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚያን እናቶች አሁን ምን ልበላቸው? እስቲ ንገረኝ።»

ኢንጂነሩ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አደረጉና መሮጥ ጀመሩ።

«አታናውጠው» እያለች ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው። ከሱቁ እስከ መስጊድ ሲሄድ እንኳ ሁለቴ የሚያርፈው ሪድዋን፣ አንዴም ሳይቆም፣ እሾሁን ሳያይ ሮጠ። ከውሰር ከኋላው እያለከለከች ወደደችው። እንደተናደደች ነው የወደደችው።

ሲደርሱ አንዳንዶቹ እናቶች ልጃቸውን አዝለው ሊሄዱ ተነስተዋል። ከውሰር ሳጥኑን ከፈተች፤ በረዶው አልቀለጠም። ሪድዋን ዛፉ ሥር በጀርባው ተዘርሮ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ አጠገቡ ላሉት ሴቶች ያስረዳል። «አጠፋፈሩ ልክ ነው፣ ወላሂ... ሽቦው ነው ጥራት የሌለው።»

ከተሰለፉት እናቶች አንዷ ወደ ከውሰር ጎንበስ አለች። «ኩን ኤኙ? ማነው ይሄ ሰውዬ?»

ከውሰር መርፌውን እየሞላች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ብስክሌቴ ነው» አለቻት።