የሽማግሌዎች ጎማ

ትናንት ሌሊት ድልነሳሁ በሕልሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አደረ። የተሰቀለው ጎማ መሸጫ ውስጥ ነው። ይገባዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከጎማ ቤት ጎማ ቤት ሲዞር የከረመ ሰው ሌላ ምን ሊያልም ኖሯል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰንዳፋ የሚኖሩት አቶ ገሰሰ፣ ልጃቸውን ትርሲትን ለድልነሳሁ እንዲሰጡ የተላኩባቸውን ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ ከደጅ መልሰዋል። ረፋድ ላይ መድረስ የነበረባቸው ሰዎች የድልነሳሁ መኪና ጎማ ፈንድቶባቸው ከሰዓት ቢደርሱ፣ «እኔን ያስጠበቀ ልጄንም ሲያስጠብቃት ይኖራል» ብለው በሩን ዘጉ። በስንት ልመና ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ የለም ተባለ።

ድልነሳሁ አዲስ ጎማ ሊገዛ ወጣ፤ ጣጣውም ያኔ መጣ። ሻጩ ራንፍላት የሚሉትን፣ ቢበሳም እየሄደ ጎሚስታ ደጅ የሚያደርሰውን አሳየው። ውድ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ለወገብ ይናገራል፤ ግን መንገድ ላይ አያስቀርም። ተራው ጎማ ምቹ ነው፣ የትም ይጠገናል፤ ሲበሳ ግን መቆም ነው። መለዋወጫ ጎማ መያዝ ያስፈልጋል፤ የድልነሳሁ መኪና ደግሞ መለዋወጫ ማስቀመጫ የላትም። ይህን መምረጥ ለጤነኛ ሰው የአንድ ሻይ ጊዜ አይፈጅም። ድልነሳሁ ግን ምግብ ቤት ገብቶ «ለእኔም እሱ ያዘዘውን» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ለእነዚያው ሽማግሌዎች ሰጠ! አጎቱ ጋሽ ወልደየስና ሁለት ባልንጀሮቻቸው መክረው፣ የመሰላቸውን አስገጥመው፣ በቀጠሮው ቀን ማለዳ መኪናዋን ሊያመጡለት ቁልፉን ተቀበሉ። እሱም እፎይ ብሎ ተኛ።

በሕልሙ ግድግዳው ላይ ብቻውን አልነበረም። ወንዶች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ቦርጫሞቹ የጭነት ናቸው ተብለው መሬት ላይ ተነባብረዋል። ደንበኞቹ ጎማዎች ነበሩ። እየተንከባለሉ ይገባሉ፣ የአንዱን ሆድ ጫን ጫን ያደርጋሉ፣ «ፀሐይ ላይ የቆየ ነው መሰለኝ» እያሉ ዋጋ ያጣጥላሉ። በመስኮቱ በኩል ትራፊክ ፖሊሶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ መንጃ ፈቃዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለሚያልፈው ሹፌር ሁሉ «እባክህ ጌታዬ፣ ቅጣኝና ልሂድ» ይላሉ። ሹፌሮቹ ምሳ ሰዓት ነው እያሉ ያልፏቸዋል።

ሻጩ አሮጌ ክሪክ ነበር፤ መኪና ማንሻው ክሪክ ራሱ። ከፍ ዝቅ እያለ ያወራል።

«ሁለት ዓይነት አለን» አለ። «ተራ ሰውና ሳይነፋ የሚሄድ ሰው።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለች አንዲት አዲስ ጎማ። ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ የላስቲክ ፀጉሯ ገና ያልረገፈ ነበረች።

«ተራው ሲበሳ ይቆማል። ያኛው ሲበሳም አይታወቅበትም።»

ክሪኩ ለናሙና አንዱን አወረደ። ድልነሳሁ ሲያየው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንተስኖት ነው! ክሪኩ ሆዱን ቢጫነው እጁ እስከ ጀርባው ገባ። «አያችሁ? ነፋሱ ካለቀ ቆየ» አለ በኩራት። አቶ ምንተስኖት ግን መሬት ሲረግጥ ወዲያው ጀመረ፤ «የተጀመረውን አጠናክረን እንቀጥላለን፣ ያልተጀመረውንም እንደተጀመረ ቆጥረን…» አፉን በጨርቅ ቢይዙት በአፍንጫው ቀጠለ። ጎማዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ጎማ ከንፈር ከየት አመጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ተራው ሰው ደግሞ በሩ መሃል ተዘርግቶ ተኝቷል። «ሚስማር ወጋኝ» ይላል። መቼ ነው የወጋህ ሲሉት፣ «አምና» ይላል። ከኋላው የገበያተኛው ሰልፍ አደባባዩን ዞሮ ተመልሷል፤ እሱ እቴ! ወዳጅ ዘመድ መጥቶ ካላነሣው ንቅንቅ የለም። ድልነሳሁ ከተሰቀለበት ሆኖ ሁለቱንም ናቃቸው። ሲንቅ የመረጠ ይመስለዋል፤ አመሉ ነው።

«አንተስ የትኛው ነህ?» አለችው አዲሷ ጎማ።

«እኔ እንኳ… እንደ ሁኔታው።»

«እንደ ሁኔታው የሚባል መጠን አለ?» ብላ ክሪኩን ጠየቀችው። ክሪኩ መደርደሪያውን አይቶ «አልቋል» አላት። «ግድ የለም፣ ሽማግሌ እልክበታለሁ» ብላ ተንከባልላ ወጣች።

ድልነሳሁ ወዲያው ሰንዳፋ፣ አቶ ገሰሰ ቤት ነበር። እንደሚታጭ ልጅ ነጠላ ተከናንቦ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን ደፍቷል። በአባወራው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ትርሲት ናት፤ አባቷ ጎንበስ ብለው ያስታጥቧታል። ሦስት ሽማግሌ ጎማዎች ገቡ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ራሳቸው የተላጨ፣ ጋቢ የለበሱ ናቸው። ተቀመጡ ቢባሉ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ዘር ይቆጠር ተባለና ከጎማው ዛፍ ጀምረው እስከ ሰባት ቤት ወረዱ፤ አምስተኛው ቤት ላይ አንድ በረባሶ ጫማ የሆነ አጎት ተገኘና ሁሉም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጁ ሲበሳ ይቆማል ወይስ ይሄዳል?» አለች ትርሲት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ይቆማል ብንል አንዱ ወገን ይከፋዋል፣ ይሄዳል ብንል ሌላው። ለሁለት ይከፈል» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ጎትተው አወጡት፣ ክሪኩ ከፍ አደረገው፣ ከወገብ በላይ የማይቆመውን፣ ከወገብ በታች የሚቆመውን ገጥመውለት አጨበጨቡ።

ትርሲት ከወንበሯ ተነሣች።

«ድልነሳሁ፣ አንተ የምትለው የለህም? የእነሱን ተወው። አንድ የራስህ ቃል በል፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ወደዳት። እንዲህ አድርጎ ወዷት አያውቅም። ወደ እሷ ሊራመድ ሲል ግን እግሮቹ ተስስስ ብለው ተነፈሱና መሬት ላይ ተጣጠፉ። አፉ ብቻውን ተከፍቶ፣ «የተጀመረውን አጠናክረን እንቀጥላለን» አለ። ሊዘጋው ታገለ፤ አልዘጋ አለው። ትርሲት አባቷን አስከትላ ወጣች፣ ወንበሩ ተከተላት፣ በመጨረሻም በሩ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ድልነሳሁ እያወራ ባነነ።

በሩ እየተንኳኳ ነበር። ነግቷል። ጋሽ ወልደየስ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ሁለቱን ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው ቆመዋል።

«ተነሣ እንጂ ልጄ! ነገሩን ጨርሰነዋል» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ብዙ ተከራከርን። አንዱ ያ ይሻላል አለ፣ አንዱ ይሄ። በኋላ ማንም እንዳይከፋው ብለን ከፊት ሁለቱን የማይቆመውን፣ ከኋላ ሁለቱን ተራውን አስገጠምን።»

«መለዋወጫስ፣ ጋሼ?»

«ምን ይሠራል? ግማሹ አይቆም!»

ድልነሳሁ አፉን ከፈተ። ሰንዳፋ የሚጠበቁበት ሰዓት ገና ነው፤ ጎሚስታው እዚያው ሰፈር ነው፤ አንድ «አይሆንም» ቢል ሁሉም ይስተካከል ነበር። «እግዜር ያክብርልኝ፣ ጋሼ» አለ። «እናንተ ያያችሁት መቼም… እኔም ሳስበው እንዲያው መሃል መሃሉን ቢሆን ብዬ…» እያለ ቀጠለ። ራሱን ሰማው፤ ራሱን ናቀው፤ አላቆመም።

መኪናዋ ደጅ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ እየተመራረቁ ሲገቡ ከወደ ኋላ ተስስስ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አራቱም ዘወር ብለው አዩ። የኋላው የግራ ጎማ ቀስ እያለ መሬት ላይ ይተኛ ነበር።

ጋሽ ወልደየስ የፊቱን ወንበር ይዘው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ንዳው ልጄ፣ ግድ የለም» አሉ። «የፊቶቹ ይሄዳሉ።»