ዕጣ ሳይወጣ የተመረጠ ጡብ

በጋራ የተገዛ ነገር ዕጣ ሳይወጣበት ተመርጦ ሲወሰድ በደል ነው፤ ይህ ይታወቅልኝ። እኔ ለአጥሬ፣ ጎረቤቴ ጸዳለ ደግሞ ለአበባ መደቧ ጥምዝ ጠርዝ ብለን፣ ወሰን ሰፈር ሄደን ከግንባታ የተራረፈ ጡብ በጋራ ገዛን። የቅርጫ ሥጋ እንኳ በዕጣ ነው የሚከፈለው፤ ጡብ ምን በደለ?

ቲማቲም እያገላበጠ የሚመርጥ ሰው አይታችኋል። ጡብ የሚመርጥስ? ጸዳለ አንዱን ታነሳለች፣ በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ከዚያ መሬት ላይ በአመድ ባሰመረችው ጥምዝ ላይ አጋድማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች። ለልጇ ሠርግ በሬ ስትመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጠበበችም። እውነቱን ልናገር፣ ትዕግሥቷ ያስቀናል።

ግን ፍርድ ፍርድ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ምርጡን ጨረስሽው!» አልኳት።

«ኧረ እማማ፣ ይዩት እንጂ! የወሰድኩት ሰባራውን ነው።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ደህናው ሁሉ በእኔ በኩል ተደርድሯል። ይሄማ የባሰ ግፍ ነው!

«እኩል ከፍለን ሰባራው ላንቺ? አይሆንም፤ ዕጣ ይውጣ!»

«እማማ፣ ሙሉ ጡብ ጥምዙ ላይ መጋጠሚያው ይከፈትብኛል። ዕጣው ደህናውን ቢሰጠኝም በመዶሻ ለሁለት ነው የምሰብረው» አለችኝ።